በቤት ውስጥ መመርመር በመሃል አዲስ አበባ፦ ማን ያየኛል? ከዚያስ ማን ያክመኛል?

እርግዝናን ቤት ውስጥ መመርመር ለአዲስ አበባ ሴቶች የተለመደ ነገር ነው። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው መንገድ አንዱ ፋርማሲ ጎራ ብላ መመርመሪያውን ትገዛለች። ቤቷ ሄዳ ታየዋለች። አለቀ። የስኳርና የግፊት መለኪያም ብዙ ሰው ቤት ገብቷል። እናቶቻችን ጠዋት ጣታቸውን ወጋ አድርገው ስኳራቸውን ይለኩና ቁጥሩን ለልጃቸው በስልክ ይነግራሉ። ማንም አይገረምም።

ወሬው ወደ ተላላፊ በሽታ ሲዞር ግን ድምፃችን ይቀየራል። ኤችአይቪን ወይም የጉበት ቫይረስን ቤታችሁ ሆናችሁ ራሳችሁ መርምሩ ሲባል አንዱ "እሰይ፣ ተገላገልን" ይላል። ሌላዋ "እንዲህ ያለ ነገር ሰው እንዴት ብቻውን ሆኖ ያያል?" ትላለች። ሌላው ደግሞ "ኧረ ይሄ ዕቃ አይታመንም" ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሦስቱም እውነት አላቸው ብዬ አምናለሁ። ምንጫቸው ግን አንድ ይመስለኛል። በዚህ ከተማ ብዙ ሰው ከምርመራው በላይ የሚፈራው መታየትን ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስኳር ያለበት ሰው "አይዞህ" ይባላል። ኤችአይቪ ወይም ቂጥኝ ያለበት ሰው "ከየት አመጣኸው?" ይባላል። ቲቢ የያዘው ሰው መድኃኒቱን ጀምሮ እየተሻለው እንኳ ብርጭቆው ይለይበታል። ተላላፊ በሽታ ከሕመሙ ሌላ ክስ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ ከማውጣቱ በፊት የሚያስበው ስለ ደሙ አይደለም። ወረፋው ላይ ጎረቤቱ ይኖር ይሆን? ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ የማንን ቤት ታውቃለች? የኤችአይቪ ምርመራ ክፍሉ በር የት ጋ ነው? ወደዚያ በር ሲታጠፍ ማን ያየዋል?

"በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" እንላለን። ልክ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚሸሸገው ከሐኪሙ አይደለም፤ ከሰፈሩ ነው። የቤት ውስጥ ምርመራ የተፈለገውም እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው።

እስቲ ስለ ዕቃው ራሱ ትንሽ እንነጋገር። በብዛት የሚታወቀው የኤችአይቪ የራስ መመርመሪያ ደም አይፈልግም። በጠፍጣፋው ጫፉ የላይኛውንና የታችኛውን ድድ አንድ አንድ ጊዜ ጠረግ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ትከቱታላችሁ። 20 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ከ40 ደቂቃ በኋላ የሚታየውን ማንበብ አይፈቀድም። አንድ መስመር፣ እሱም ዕቃው መሥራቱን የምታሳየው የመቆጣጠሪያዋ መስመር፣ ብቻውን ከወጣ ቫይረሱ አልተገኘም ማለት ነው። ሁለት መስመር ከወጣ፣ ሁለተኛው ደብዘዝ ያለ ቢሆንም፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የመቆጣጠሪያዋ መስመር ካልወጣች ምርመራው ተበላሽቷል፤ በሌላ ዕቃ ይደገማል። ከጣት በሚወጣ ጠብታ ደም የሚሠሩም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት ቶሎ ላንሳ። በምራቅ ከታወቀ በምራቅ ይተላለፋል ማለት ነው ብለው የሚደነግጡ አሉ። አይደለም። ዕቃው የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። አብሮ መብላት፣ ጉርሻ፣ መሳሳም ኤችአይቪን አያስተላልፉም።

ነገሩ በዓለም ደረጃ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በድድ የሚሠራው የቤት መመርመሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 በግልጽ እንዲሸጥ ተፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ አገሮች ሁሉ የኤችአይቪ የራስ ምርመራን ከሌሎቹ የምርመራ መንገዶች ጋር እንዲያቀርቡ መከረ። በ2021 የአንዱ የጉበት ቫይረስ የሄፓታይተስ ሲ፣ በ2022 የኮቪድ ተጨመሩ። በኢትዮጵያም የኤችአይቪ የራስ ምርመራ በብሔራዊ መመሪያው ተካቷል። ስለዚህ ጥያቄው ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው አይደለም። ሰዉ ይቀበለዋል ወይ፣ ከተቀበለውስ እንዴት ይጠቀምበታል የሚለው ነው።

የእኛን ሰው አመለካከት ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ግድ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ነጻ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በመሃሉ ያሉትን ዓመታት አስቡ። ምርመራ ነበረ፣ ለአብዛኛው ሰው ግን ከምርመራው በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት አልነበረም። ለዚያ ትውልድ "ተመርመር" ማለት "የምትሞትበትን ቀን እወቅ" ማለት ነበር። "ባላውቀው ይሻለኛል" የሚለው አነጋገር ከስንፍና አልመጣም። ዛሬ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሲወርድ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። እውነታው ተቀይሯል። ፍርሃቱ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ ወርዷል። ያን ዘመን ያላዩ ወጣቶች እንኳ ስለ ምርመራ ሲያወሩ የወላጆቻቸውን ቃል ይጠቀማሉ።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሚስበው አንድ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በኢትዮጵያ ከተሞች በተደረገው ሰፊ የቤት ለቤት ጥናት ቫይረሱ ካለባቸው 100 አዋቂዎች ውስጥ ያለባቸው መሆኑን ያወቁት 79 ያህሉ ነበሩ። ካወቁት ውስጥ ግን ከ100 ሰዎች 97ቱ መድኃኒት ጀምረዋል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ያወቀ ሰው ይታከማል። ትልቁ ክፍተት ማወቁ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ግብ ከ100 ሰው 95ቱ እንዲያውቁ ነው። ሰዎችን ወደ ማወቅ የሚያደርስ ማንኛውም ቀላል መንገድ ዋጋው ብዙ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ያልተመረመሩት እነማን ናቸው? አንዱ ትልቅ ክፍል ወንዶች ናቸው። ሴት ስታረግዝ ክትትል ላይ ትመረመራለች። ወንድ ግን እንዲህ ያለ መግቢያ በር የለውም። ብዙ ባል "ሚስቴ ነጻ ከሆነች እኔም ነጻ ነኝ" ብሎ ይኖራል። ይህ ስህተት ነው። ከባልና ሚስት አንዱ ቫይረሱ ኖሮበት ሌላው የማይኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። በማላዊ የተደረገ ጥናት ነፍሰ ጡር ሴቶች መመርመሪያውን ለባሎቻቸው ይዘው እንዲሄዱ ሲደረግ፣ የግብዣ ደብዳቤ ብቻ ከመላክ ይልቅ ብዙ ወንዶች እንደተመረመሩ አሳይቷል። እኛም ዘንድ ይሠራል ብዬ አስባለሁ፤ ግን ያለ ጥንቃቄ አይደለም። ባልዋ የሚመታት ሴት መመርመሪያ ይዛ ብትገባ "ጠረጠርሽኝ?" የሚል ጠብ ልትከፍት ትችላለች። ስለዚህ የምትሰጣት ነርስ መጀመሪያ ስለ ቤቷ መጠየቅ አለባት።

ሌላው በእኛ ዘንድ ያለ ትልቅ የምርመራ ወቅት ጋብቻ ነው። ብዙ ቤተ እምነቶች ከቃል ኪዳን በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ። ብዙ ሰው ሕይወቱ በዚህ ተርፏል። ውጥረቱ ግን ከባድ ነው። አዳራሽ ተይዟል፣ ሽማግሌ ሄዷል፣ ውጤቱ የሚነገረው ከእጮኛ ጎን ተቀምጦ ነው። አንድ ወጣት አስቀድሞ ለብቻው ቤቱ ቢመረመር የሚደብቀው ነገር ስላለው ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ለራሱ ጥቂት ቀን መተንፈሻ እየሰጠ ነው። ችግር የሚሆነው የቤቱን ውጤት የወረቀቱ ምትክ ለማድረግ ሲሞከር ነው።

አሁን "ቤት" ወደሚለው ነገር ልምጣ። አውሮፓና አሜሪካ የተዘጋጁ መመሪያዎች የሚያስቡት የራሱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ያለውን ሰው ነው። በመሃል አዲስ አበባ የቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው እንዲያ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ይተኛል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። የጎረቤት ሳል በግድግዳው ያልፋል። ጎረቤት ሳያንኳኳ "ቡና ደርሷል" ብሎ ይገባል፤ ይህ የግቢ ኑሮ ውበት ነው፣ ሀያ ደቂቃ ብቻውን መሆን ለፈለገ ሰው ግን ጭንቅ ነው። ከፒያሳና ከአካባቢው ተነስተው ወደ ዳር ኮንዶሚኒየም የሄዱት ቢያንስ የሚዘጋ በር አግኝተው ይሆናል። የሚያውቁትን ጤና ጣቢያና የሚያውቁትን ፋርማሲስት ግን ትተው ነው የሄዱት።

ስለዚህ ለብዙ የመሃል ከተማ ነዋሪ መሥሪያ ቤት፣ የጓደኛ ቤት ወይም ማንም ሳይነቃ ሌሊቱ ነው "ቤት" የሚሆነው። ከተመረመሩ በኋላም ዕቃው አለ። የት ይጣላል? የግቢው ቆሻሻ በማዳበሪያ ተሰብስቦ የሚወስዱት ልጆች የሚያውቁን ናቸው። በደም የሚሠራ ከሆነ የመውጊያው መርፌ አንዱን ልጅ ሊወጋው ይችላል። ይህን ተራ ጉዳይ አድርጎ ማለፍ ልክ አይደለም። ሰው መመርመሪያውን ላለመግዛት የሚወስነው እንዲህ ባሉ ነገሮች ነው። ጥቅልሉ ውስጡን የማያሳይና ስም ያልተጻፈበት መሆኑ፣ ፋርማሲው ያገለገለውን መልሶ መቀበሉ ብዙ ነገር ያቀልላል።

አሁን ወደ "አይታመንም" ባዮቹ። እነሱ የያዙት ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ትክክለኛ ነው። በድድ የሚሠራው መመርመሪያ አሜሪካ ሲፈቀድ የታየው ይህ ነበር፦ ቫይረሱ ካለባቸው 12 ሰዎች አንዱን ያህል "የለብህም" ሊል ይችላል። ከሌለባቸው 5,000 ሰዎች ደግሞ አንዱን ያህል "አለብህ" ሊል ይችላል። በሰለጠነ ባለሙያ እጅ ስህተቱ ያንሳል። ቫይረሱ ገና የገባበት ሰው እስከ ሦስት ወር ድረስ ላይታይ ይችላል። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ "ድኜ ይሆን?" ብሎ በዚህ መመርመር የለበትም። መድኃኒቱ ፀረ እንግዳ አካሉን ሊያሳንሰው ስለሚችል የውሸት "የለብህም" ሊመጣ ይችላል። ጠበል ሲጠመቁ ቆይተው መዳናቸውን ለማረጋገጥ የሚፈልጉ ወገኖች ስላሉ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ አስተምረው ነበር።

የዕቃው ጥራት ለምን ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ በቀላል ስሌት ላሳያችሁ። 10,000 ሰው ይመርመር እንበል። ከነሱ 100ው ቫይረሱ አለባቸው። 9,900ው የለባቸውም። ዕቃው ከሌለባቸው 100 ሰዎች አንዱን ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን 99 ጤነኛ ሰዎች ሁለት መስመር ያያሉ። በትክክል ከታዩት 100 ሕሙማን ጋር ሲደመሩ፣ ሁለት መስመር ካየው ሰው ግማሽ ያህሉ ምንም የለበትም ማለት ነው። ስህተቱ ከ5,000 አንድ ከሆነ ግን በውሸት የሚደነግጡት ሁለት ሰዎች ያህል ብቻ ናቸው። ከምን እንደተሠራ ያልታወቀ ዕቃ ከኢንተርኔት ወይም ከሻንጣ ነጋዴ ገዝቶ መመርመር አደጋ የሚሆነው በዚህ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመዘገበውን ብቻ መጠቀም፣ በአንድ ምርመራም አለመደምደም ተገቢ የሚሆነውም በዚሁ ነው። ጤና ጣቢያ ውጤቱን የሚያረጋግጠው በተለያዩ መመርመሪያዎች ደጋግሞ ነው።

እንዲህ ስል ግን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ምርመራን ይጠራጠራል እያልኩ አይደለም። አንዳንዴ ከልክ በላይ ያምናል። ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" ያልተባለ ሰው ስንት ነው? ለታይፎይድ በብዛት የሚሠራው የደም ምርመራ ፀረ እንግዳ አካል የሚለካ ነው። የድሮ ሕመም፣ ክትባት ወይም ሌላ በሽታም ሊያስነሳው ይችላል። በአንድ ጊዜ ምርመራ ብቻ ዛሬ ታይፎይድ አለ ማለት አይቻልም። እኛ ግን ወረቀቱን ይዘን ፀረ ባክቴሪያ ገዝተን፣ ሲሻለን ግማሹን አስቀምጠን፣ ለጎረቤት እንሰጣለን። በቤት ውስጥ ምርመራ ላይ ያለኝ ትልቁ ስጋት ይሄ ነው። ለኤችአይቪ ራስን በራስ ማከም ስለማይቻል ሰው ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ለሌሎቹ ግን ከመስመሩ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ፋርማሲ ገብቶ "ሲፕሮ ስጡኝ" ማለት ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የተላመዱ ተህዋስያን እየበዙ ባለበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ጠባይ አለው። በሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ሁለት መስመር ማለት አንድ ጊዜ ተይዘህ ነበር ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከተያዙት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ያለ መድኃኒት ይድናሉ፤ ቫይረሱ አሁንም መኖሩ የሚታወቀው በሌላ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። የቲቢ ምርመራ አክታን ላቦራቶሪ መውሰድ ይጠይቃል። ወባ ደግሞ የተለየ ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መዝግባለች። አዲስ አበባ ከፍታዋ ቢጠብቃትም ሰው ከቆላ ይዞት ይመጣል። በአካባቢያችን ግን ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ፕሮቲን የማይሠሩ የወባ ተህዋስያን ተገኝተዋል። በእነዚህ የተያዘ ሰው ወባ እያለበት "የለብህም" ሊባል ይችላል። ስለዚህ "የራስ ምርመራ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" ብሎ በአንድ ላይ መመለስ አይቻልም።

"ብቻውን ሆኖ እንዴት ያያል?" ወደምትለው እህታችን ልመለስ። የብዙ ሐኪሞችም ፍርሃት ይኸው ነበር፤ ሰው ደንግጦ ራሱን ይጎዳል የሚል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የራስ ምርመራ ሲሰጥ እንዲህ ያለ ጉዳት ጥቂት ብቻ ሆኖ ነው የተገኘው። ፍርሃቱ ግን ከንቱ አይደለም። ጤና ጣቢያ ያለው ምክር የሚወደደው መረጃ ስለሚሰጥ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው "አይዞሽ፣ መድኃኒት አለው" ብሎ ፊት ለፊት ስለሚናገር ነው። የአሜሪካ ዕርዳታ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሲቋረጥ በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ሥራ አጥተዋል። በዚህ ጊዜ መመርመሪያውን የእነሱ ርካሽ ምትክ ማድረግ የሚያጓጓ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ የጠፋው ምክር የሚጎዳው እጅግ ብቸኛ የሆኑትን ነው።

ደግሞ ራሱ ያልፈለገን ሰው ማስመርመር አለ። ትንሽና ቀላል ዕቃ በሌላ ሰው እጅ ማስገደጃ ይሆናል። አከራይ ተከራዩን፣ አሠሪ የቤት ሠራተኛዋን "እዚሁ ፊቴ ተመርመሪ" ብትላትስ? ከገጠር መጥታ ደላላ ያስገባት ልጅ እምቢ የምትልበት አቅም የላትም። የቤት ሠራተኞች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከማይሸፍናቸው ውስጥ ናቸው። ምርመራ በፈቃድ ብቻ ነው የሚለው በመመርመሪያው ካርቶን ላይ በትልቁ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በሌሎቹም ቋንቋዎች መጻፍ አለበት። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ሥዕል ያስፈልጋል።

እኔ መመርመሪያው በስፋት ይዳረስ ከሚሉት ወገን ነኝ። ስለዚህም ከሽያጩ ጠረጴዛ ይጀመር እላለሁ። ፋርማሲ ውስጥ ከኋላህ ስድስት ሰው ቆሞ "የኤችአይቪ መመርመሪያ አላችሁ?" ማለት ከጤና ጣቢያው ወረፋ አይሻልም። እንደ ኮንዶም በግልጽ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሰው አንስቶ ቢከፍል ጥያቄው ይቀራል። ፋርማሲስቱም ለሁለት ደቂቃ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያስረዳበት ጥግ ይኑረው። ከመመርመር በፊት 15 ደቂቃ አለመብላትና አለመጠጣት፣ 30 ደቂቃ ጥርስ አለመፋቅ፣ ሦስት ወር ካልሞላ መድገም፤ ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ስልክም ያስፈልጋል። በኤድስ ዘመን "ወገን" የሚባለው የ952 ነጻ መስመር ለስንቱ ጆሮ ሆኖ ነበር፤ ስምም አይጠየቅበትም ነበር። የራስ ምርመራ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ሌሎች ሲተኙ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከሌሊቱ ስድስት ሰዓትም የሚያነሳ ሰው ያለበት መሆን አለበት።

በማግሥቱ ያ ሰው ጤና ጣቢያ ይመጣል። "ቤቴ ተመርምሬ ነው የመጣሁት" ሲል "ማን ተመርመር አለህ?" የሚል ቁጣ እንዳይጠብቀው። ማረጋገጫው በዚያው ቀን ይሠራለት። ቫይረሱ ካለበት መድኃኒቱን በዚያው ቀን መጀመር እንደሚችል ይነገረው። ከፈለገም ሰፈሩ ካልሆነ ሌላ ጤና ጣቢያ እንዲከታተል ይፈቀድለት። አሁንም ብዙ ሰው የአራዳ ነዋሪ ሆኖ መድኃኒቱን ለመውሰድ በታክሲ ሌላ ክፍለ ከተማ ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ ማንም አያውቀውምና።